ከብት የሚያድርበት ማሳ፦ ከደምቢያ ደባርቅ

ይህን የምጽፈው ደባርቅን ለማታዩ ለሰፈሬ ሰዎች ነው። እንደማትሄዱ አውቃለሁ። አንዳችሁ ከብት ማን ይጠብቅልኝ ትላላችሁ፤ አንዳችሁ ወገቤን ትላላችሁ፤ የቀራችሁት ብርዱን ፈርታችሁ ዝም ትላላችሁ። እኔም በደስታ አልሄድሁም። የሄድሁት አማቼ ውሸታም መሆኑን በዓይኔ አይቼ ለመመለስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ አጠገብ ያለችው ማሳዬ ደክማለች። ጥቁር ዋልካ ናት፤ ድሮ ጤፉም ሽምብራውም ይሆንባት ነበር። አሁን ማዳበሪያ ካልጎረሰች አፏን አትከፍትም፤ ማዳበሪያው ደግሞ የሚደርሰው ሰው ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ባለቤቴ ጥሩዬ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «ወይ መሬቷ ታብላን፣ ወይ በክረምቱ ባሕር ዛፍ ይተከልባት። ችግኝ ከሚያፈሉት ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።» ባሕር ዛፍ አንዴ ከገባ ማሳ የሚባል ነገር አይኖርም። አባቴ ያረሳት መሬት ናት፤ ሥር ሲተበትባት ቆሜ አላይም።

እህቴ እታለማሁ ያገባችው ደባርቅ ነው። ባሏ አያልነህ ለበዓል በደወለ ቁጥር «እኛ ማሳ ላይ ከብት እናሳድራለን፤ ገብሳችን የቆመ ሰው ይሰውራል» እያለ ሲኩራራ ዓመታት ሰማሁት። ጥሩዬ ይህን ስታውቅ «ሂድና እየው። እውነት ከሆነ ዛፉን እተወዋለሁ» አለችኝ። በልቤ አያልነህም ጥሩዬም እንዳያሸንፉ ጸልዬ ተነሳሁ። ሁለቱም ሳያሸንፉ እኔ በምን እንደማሸንፍ ግን አላሰብሁበትም።

የመጀመሪያው ቀን

ከጥምቀት ማግሥት ነው። ከቆላ ድባ ጎንደር በሚኒባስ ገባሁና ወደ ደባርቅ የሚሄድ ቅጥቅጥ ላይ ተሳፈርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ማንበብ ከቻልሁ ወዲህ የምናደድበት ነገር በዛ። ከሾፌሩ ራስ በላይ «ፍጥነት ይገድላል» ተብሎ ተለጥፏል፤ መኪናው ግን ይበራል። ረዳቱን ጠራሁትና «ይህን ለሾፌሩ አንብብለት» አልሁት።

«አባት፣ የለጠፈው እኮ እሱ ነው» አለኝ።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ በመስኮት ምክንያት ጠብ ተነሳ። እኛ ዘንድ መኪና ውስጥ ጠብ የሚነሳው «መስኮቱን ክፈቱ» በሚል ነው። እዚያ «ዝጉ» እያሉ ነው የሚሰዳደቡት። እኔ ነጠላ ብቻ ነበር የደረብሁት፤ ከሚዘጉት ወገን ሆኜ ጮህሁ።

ዳባት ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ አለ ተባለና ወረደ። ሲታይ ትርፉ ከፈነዳው የባሰ ነው። ሾፌሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ይሻላል ብሎ እኛን አማከረን። የእግር መንገድ ይሻላል አልሁትና ጓዜን ይዤ ዳባት ገባሁ።

መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ብርቄ ትባላለች፤ ድምፅዋ ከመኪና ጥሩምባ የሚበልጥ ሴት ናት። ገና ስታየኝ «ደምቢያ ነህ አይደል?» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«በአለባበስህ። ደምቢያ የሚመጣው ሁሉ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። እዚህ ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።»

ሽሮ በገብስ እንጀራ አቀረበችልኝ። የገብስ እንጀራ እንደኛ ጤፍ አይሳብም፤ ያዝ ስታደርገው ይሰበራል። ብርድ ላለበት አገር ግን ሆድ ላይ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል፤ ይህን ለማመስገን ነው የምለው። ከኋላ ባለች ክፍል አስተኛችኝና የባሏን ጋቢ አመጣችልኝ። ጠዋት ስነሳ ጋቢውን አጥፌ ብሰጣት አልቀበልም አለች።

«ይዘኸው ሂድ። ደባርቅ ከዚህ ይብሳል። ስትመለስ ንጹሑን እንደሰጠሁህ ታመጣልኛለህ።»

አታውቀኝም። አገሬ ቢሆን ለማያውቁት ሰው ጋቢ ቀርቶ ገመድ አይሰጥም፤ እኔም አልሰጥም።

ሁለተኛው ቀን

ከዳባት ደባርቅ ሩቅ አይደለም። በግራም በቀኝም የገብስና የስንዴ ማሳ ታጭዷል። ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር እነሱ ከፍ አድርገው ነው የሚያጭዱት፤ አገዳው ግማሽ ቁመቱን ይዞ ማሳው ላይ ቆሟል። እኛ እኮ መሬቱን እንደ ሕፃን ራስ ነው የምንላጨው። አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ «እዚህ አገር ማጭድ ጠፍቷል?» ብለው ዞሮም አላየኝ።

ደባርቅ በፈረንጅ፣ በበቅሎና በአስጎብኚ የተሞላ ከተማ ነው። አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ፋዘር፣ ትሬኪንግ ይፈልጋሉ?» አለኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«በእግር ተራራ መውጣት ነው። ሳንቃ በር፣ ጨነቅ ድረስ።»

«ሰው ከፍሎ ነው በእግሩ የሚሄደው?»

«አዎ።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ስሄድ የከፈለኝ የለም» ብዬው አለፍሁ።

እታለማሁ ከከተማው ዳር ጠበቀችኝ። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ «ወንድምዓለም፣ ከሳህ። ጥሩዬ ምን ታበላሃለች?» አለች። ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ አድርገን ወደ ሰፈራቸው ወጣን። ደምቢያ ላይ የሚመጣ እንግዳ ከሩቅ ይታያል፤ ቡናው እስኪቆላ አይደርስም። እዚያ ግን ዳገቱ ሰው ይደብቅና ድንገት አፍንጫህ ሥር ያመጣዋል። አያልነህም እንዲሁ ብቅ አለ።

«ደረስህ? እኔ ውርጭ በልቶህ ሬሳህን ልንወስድ ተዘጋጅተን ነበር» አለኝ።

«ገብስህ የት አለ? ሰው ይሰውራል ያልኸው።»

«ታጭዶ ተከመረ።»

«ይቺን ጠብቄ ነበር» አልሁት።

ክምሩን አሳየኝ። ክምሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትልቅ ነው።

ሲመሽ ዋናውን ነገር አየሁ። የሰፈሩ ከብት በአንድ ላይ ነው የሚጠበቀው። ገብሱ ከተነሳ በኋላ ቀን ቀን በታጨደው ማሳ ላይ የቆመውን አገዳ ይበላል፤ ያልበላውን ይረግጠዋል። ማታ ደግሞ ከአጣና የተሠራ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያነሳው አጥር አለ፤ እሱን ማሳ ላይ አቁመው ከብቱን እዚያ ያሳድሩታል። ጥቂት ካደረ በኋላ አጥሩ ተነስቶ ፈቀቅ ይላል። ማሳው ሲዳረስ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ይህን «ተራ» ይሉታል። በተራ ይጣላሉ፣ በተራ ይታረቃሉ። ከብት የሌለውም ሰው ተራ አለው። ያን ሰሞን ተራው የእትዬ ዘነቡ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ በሬያቸውን የሸጡ ባልቴት ናቸው፤ ጭራ እንኳ የላቸውም፤ የሰፈሩ ከብት ግን ማሳቸው ላይ ያድራል። ማደሪያውን መጠበቅ ስለማይችሉ አያልነህ ይጠብቅላቸዋል።

«ግብርና ባለሙያው ልቅ ግጦሽ ክልክል ነው ብሎናል» አልሁት አያልነህን፣ እንዲናደድ ብዬ።

«ልቅማ የናንተ ነው። ከብታችሁ እንደ ቱሪስት በየሰው ማሳ ሲዞር ይውልና ማታ ቤቱ ገብቶ እበቱን ይጥላል። የኛ በተራ ይበላል፣ በተራ ይጥላል።»

ሦስተኛው ቀን

ብርድ እንቅልፍ ነሳኝና ገና ሲነጋጋ የብርቄን ጋቢ ተከናንቤ ወጣሁ። የከብቱ ጀርባ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። አያልነህ ከገለባ በተሠራች ጎጆ ውስጥ ተኮራምቷል። አዘንሁለት ማለት አልፈልግም፤ ብቻ «ግባና ተኛ፣ እኔ እተካሃለሁ» አልሁት። ሄደ። ፀሐይ ሲወጣ ከብት ጠባቂዎቹ መጥተው መንጋውን ነዱት። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ፊት ለፊቴ ማሳ ሙሉ እበት።

አሁን እናንተ ፍረዱ። የደምቢያ ሰው ይህን ያህል እበት አይቶ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? እንጨት በሌለበት አገር ያደገ ሰው ነኝ። እናቴ የበኩር ልጇ ስለሆንሁ ኩበት መጠፍጠፍ ያስተማረችኝ ከማረስ በፊት ነው። ለእህቴ ቤት ያመጣሁት አንድ ቋጠሮ ሽምብራ ብቻ ነበር፤ የእንግዳ ሥራ ልሥራ፣ ለባልቴቷም ማገዶ ላዘጋጅ ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ማሳውን ጥርግ አደረግሁት። የወደቀ ገለባ ደባልቄ ጠፈጠፍሁና በድንጋዩ እርከን ላይ በሰልፍ ለጠፍሁት። የሩቁን በብርቄ ጋቢ አቅፌ አመጣሁት። ሲያልቅ ቆሜ አየሁት። የሚያኮራ ሥራ ነበር፤ ክቡ ክብ፣ ውፍረቱ እኩል።

እትዬ ዘነቡ በበትራቸው እየተደገፉ መጡ።

«እንደምን አደርህ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንደምን አደሩ?»

«ደኅና። ምን እየሠራህ ነው?»

«ኩበት ጠፈጠፍሁልዎ!» አልሁ ደረቴን ነፍቼ።

እርከኑን አዩ። ማሳውን አዩ። እንደገና እርከኑን አዩ።

«ከየት ነህ የኔ ጌታ?»

«ከደምቢያ።»

«እዚያ እበት አልቆባችሁ ነው?»

ያኔ ነው አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባኝ። ሴትዮዋ አልጮኹም። በትራቸውን አንስተው ወደ እርከኑ ጠቆሙና «ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ተራ እኮ ነው። ድንጋይ ላይ ለጠፍህልኝ። ድንጋዩ ገብስ የሚያበቅል ከሆነ አላውቅም» አሉ።

እታለማሁ ሰምታ ሮጣ መጣች። መጀመሪያ ያየችው ጋቢውን ነው። «ወንድምዓለም፣ በሰው ጋቢ!» ብላ ራሷን ያዘች። አያልነህ ከእንቅልፉ ተነስቶ መጣና እርከኑን ሲያይ መሳቁ አይደለም ያናደደኝ፤ ለመሳቅ መቀመጡ ነው። ቁጭ ብሎ፣ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

«ጅብ ነበር እኮ የምጠብቀው» ይላል። «ደምቢያን ማን ጠረጠረ!»

አንድ በአንድ እየነቀልሁ፣ እየሰበርሁ ማሳው ላይ መበተን ጀመርሁ። የገበያ ቀን ነበር፤ ገበያተኛው በሙሉ የሚያልፈው በዚያው ነው። ወሬው ከኔ በፊት ዳገቱን ወርዷል።

«አይዞህ፣ በርታ!» ይላል አንዱ።

«አባት፣ ኩበቱ የሚሸጥ ነው ወይስ ለማየት ብቻ?» ይላል ሌላው።

እትዬ ዘነቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል። «ያችን ወዲያ። እሷ ወፍራም ናት፣ በደንብ ሰባብራት። አይ እጅ! ይህን የመሰለ እጅ ይዘህ ሚስትህ እንዴት ለቀቀችህ?»

ኩበቱን እየበተንሁ፣ አጥሩ ዓምና የደረሰበትንና ያልደረሰበትን ቦታ በእጄ ቆፈርሁ። ነገሩ እዚያ ላይ ነው የያዘኝ። አጥሩ ካልደረሰበት ያለው አፈር እንደ ዱቄት ይበናል። ከብት ካደረበት ያለው ሲጨብጡት እንደ ደኅና እንጀራ ፍርፋሪ ነው፤ በዚያ ደረቅ ወር ውስጡ እርጥበት አለው፤ ትል ይላወስበታል። እኔ ማሳ ላይ ትል ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው? በየዓመቱ የማሳዬን ምግብ ጠፍጥፈን ስናነድ ኖረን፣ በክረምት ማዳበሪያ ዘገየ ብለን ባለሥልጣን እንሰድባለን።

«የኔ አፈር ዋልካ ነው» አልኋቸው። «እርጥብ ሳለ ከብት ከገባበት ጡብ ይሆናል።»

«እርጥብ ሳለ ማን አስገባ አለህ? እኛም ዝናብ ሲሸት አጥሩን እናነሳለን። ከብት እግር እንጂ ጭንቅላት የለውም፤ ጭንቅላቱ አንተ ነህ» አሉ። ቀጥለውም አዩኝና «ያው እንግዲህ» አሉ።

የበተንሁት ግን እንደነበረ አልሆነም። ፀሐይ መትቶታል፤ ግማሹም ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ያን ዕለት ማታ አጥሩ ወደ አያልነህ ማሳ የሚዛወርበት ነበር። አያልነህ ሳቁን ጨርሶ ተነሳና ለጎረቤቶቹ «ከኔ ተራ አንድ ሌሊት ለእትዬ ዘነቡ ይጨመር» አላቸው። ወደኔም አላየም። አማቼን የምጠላበት አንድ ምክንያት እዚያው ከእጄ ወደቀ። ሌላ ግን አላጣሁም፤ ሲተኛ ያንኮራፋል።

ማታ እሳት ዳር እታለማሁን «እበቱን ማሳ ላይ ከተዋችሁት ምን ታነዳላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ባሕር ዛፍ ነዋ። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን አላየኸውም? ቅጠሉም ቅርንጫፉም ይነዳል። ማሳ ላይ ግን አንድም አንተክልም።»

ጥሩዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

አራተኛው ቀን

አያልነህ ሊማሊሞን ሳላሳይህ አትሄድም ብሎ ወሰደኝ። መንገዱ በገደሉ ላይ እንደ ተጣለ ገመድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከታች የጭነት መኪናዎች ያቃስታሉ። «ምን ትላለህ?» አለኝ እሱ የሠራው ይመስል።

«ገደል ነው» አልሁት። «እኛ አገር ከብት ቢጠፋ ከቤት ደጃፍ ቆመህ ታየዋለህ። እናንተ ዘንድ ከጠፋ መልአክ ነው የሚፈልገው።»

ስንመለስ አጥሩን ወደ እሱ ማሳ አብረን አዛወርን፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እኔ። አጣናው እንዴት እንደሚታሰር ደጋግሜ አየሁ። እንደምመለከት እንዳያውቅብኝ ስለ ብርዱ እያማረርሁ ነበር። አወቀብኝ መሰለኝ፤ ቋጠሮውን ሆን ብሎ ቀስ እያለ ቋጠረው።

አምስተኛው ቀን

እትዬ ዘነቡ ሊሸኙኝ መጡና ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። «ለሚስትህ ነው» አሉ። መንገድ ላይ ስፈታው ደረቅ ኩበት ነው፤ ከኔው ሥራ አንዱን አስቀርተውት ኖሯል።

ዳባት ስደርስ ብርቄ ጋቢዋን ተቀበለች። እታለማሁ ደጋግማ አጥባው ነበር። ብርቄ አፍንጫዋ አጠገብ አደረገችው።

«ከከብት ጋር ነው ያደርኸው?»

ሁሉን ነገርኋት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከኔ ትስማ ብዬ። ስትስቅ ምግብ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ መብላቱን አቆመ። ሳቋን ስትጨርስ ሽሮውን እንደገና ሞላችልኝ፤ «ጋቢው ይቆይ፤ አንድ ቀን ሌላ ደምቢያ ይመጣል» አለች።

ከተመለስሁ በኋላ

ለጥሩዬ እውነቱን ነገርኋት፤ ገብሱን ቆሞ አላየሁም፣ አፈሩን ግን አይቻለሁ አልኋት። ኩበቱንም ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና «የማን እጅ ነው? ቆንጆ ተጠፍጥፏል» ብላ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

ሁለት ጎረቤቶቼን ለመንሁ፣ ሰደብሁ፣ በመጨረሻ ከብቶቻቸውን ሰጡኝ። አጣና አሰርሁ። ያች ማሳ ከአባቴ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብት አደረባት። ጠዋት ሽምብራ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ፣ እየተንቀባረርሁ ወረድሁ። ማሳው ጥርግ ብሏል። ጥሩዬ ቅርጫቷን ሞልታ ቀና ስትል ተያየን።

«ጥሩዬ! መሬቷን እኮ ነው የለቀምሻት!»

«ታዲያ ምን ላንድድ? ጢምህን?»

የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም የተናገርሁት ሳልወድ ነው። «ባሕር ዛፉ ይተከል» አልሁ። «ወንዙ አፋፍ ላይ፣ ከማሳዋ ራቅ ብሎ።»

ቅርጫቷን አስቀመጠች። «እኔ ያልሁት ዛፍ ማለት ነው?»

«አንቺ ያልሽው ዛፍ።»

«ዛፍ በአንድ ክረምት አይነድም» አለች።

«እስኪደርስ እኩል እንካፈል። ግማሹ ላንቺ፣ ግማሹ ለሷ።»

እያጉረመረመች ግማሹን መልሳ በተነችው። ቀስ ብላ ነው የበተነችው፤ እያንዳንዱን እንደምትሰናበት ሰው። መሬቷ ታብላን አታብላን ገና አላውቅም፤ መጪው መኸር ይናገራል። ያን ጊዜ ካፈርሁ ይህን ጽሑፍ ቀድጄ እጥለዋለሁ፤ እናንተም አላነበባችሁትም።

ትናንት ጠዋት አያልነህ ደወለ። «ከብቱን ከጅብ እየጠበቅህ ነው?» አለኝ።

«ጅብማ ቀላል ነው» አልሁት። ጥሩዬ ቅርጫቷን ይዛ ከቤት ስትወጣ ስላየሁ ስልኩን ዘጋሁት።